ትንፋሿን የዋጠችው ፒክአፕ

የኋላሸት ለራሱ ጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ የቆመው ወዶ አይደለም። ለነገሩ ሁሉ ምክንያት የሆነችው አሮጌዋ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፑ ናት፤ እሷም ብትሆን በደል የለባትም። ትተነፍስ ነበር፤ አትተንፍሺ ተባለች።

ፒክአፗን ከሐራጅ ነበር የገዛት። ከደብረ ማርቆስ ሸቀጥ ጭኖ ሮብ ገበያ ይወጣል፤ ሲመለስ ድንችና ገብስ፣ ሰው ሲገኝም ሰው ይጭናል። የናፍታ ሞተሯ ብዙ ያየ ነው። የፒስተኖቿ ቀለበት ስላለቀ፣ እሳቱ በነደደ ቁጥር ጥቂት ጭስ በጎን እየሾለከ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ጭስ የሚያስወጣ፣ መካኒኮች መተንፈሻ የሚሉት ቱቦ አለ፤ ከሞተሩ ራስ ይነሣና በጎን ወርዶ ከመኪናው ሥር አፉን ይከፍታል። ጤነኛ ሞተር በዚያ ቱቦ የሚተነፍሰው እንደ ተኛ ሕፃን ነው። ይህኛው ግን ቀኑን ሙሉ ሲያርስ እንደዋለ በሬ ያለከልክ ነበር። ጭሱ ከሥር ይወጣል፤ ወለሉ በዝገት ተበልቷልና በቀዳዳው ተመልሶ ጋቢና ይገባል። ከዚያች መኪና የወረደ ሰው እስከ ማግሥቱ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

ድንች ነጋዴዎቹ ግድ አልነበራቸውም። መቅደላዊት ግን ግድ ነበራት። ሮብ ገበያ አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የክትባት ሣጥኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ራሷን በመስኮት አውጥታ ነበር የምትሳፈረው።

«ከመኪናህ በወረድሁ ቁጥር እናቶቹ የማን ቤት ተቃጠለ ይሉኛል» አለችው አንድ ቀን።

እሱም ቃጠሎው የት እንዳለ ያወቀው ያን ቀን ነው።

ከርመው ሊጋቡ ተስማሙ። የቀሩት አባቷ ነበሩ። ቄስ ወልደ ሰንበት ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያስወጣው መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ገበሬም ካህንም ናቸው። ሹፌር ሁሉ በደረሰበት ጎጆ አለው ብለው ያምናሉ። የኋላሸትን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ ሳያዩትም አልወደዱትም። ቢሆንም ወጉ ወግ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በወርኃ ታኅሣሥ ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የደብረ ወርቁ የቅኔ መምህር መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ፣ ሁለተኛው አጎቱ አቶ አወቀ፣ ሦስተኛው ጎረቤቱ አቶ እንዳላማው። ነገሩን ሲነግራቸው መሪጌታ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልጅቱ አልነበረም።

«በዚያች መኪናህ ነው የምትወስደን?»

«አዎ የኔታ።»

«ነጭ ለብሼ ገብቼ ጥቁር ለብሼ ልወርድ? ልጅ ልለምን ሄጄ ለቅሶ የመጣሁ ልመስል?»

የኋላሸት ሌላ መኪና ቢፈልግ አጣ። ፒክአፗን የሚነዳ ሌላ ሹፌር ቢፈልግም አልተገኘም፤ ማርሿ ከእሱ በቀር ለማንም አይገባም። እንግዲህ የሚነዳውም እሱ፣ የሚጠየቅለትም እሱ ሊሆን ነው። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር መሄዱ ነውር ስለሆነ፣ እዚያ ሲደርስ የኪራይ ሹፌር ነኝ ሊል ተስማሙ። የጭሱን ነገር ግን መካኒኩን የሺዋስን ሊያማክር ሄደ።

«አዳዲሶቹ መኪኖች ትንፋሻቸውን ሜዳ ላይ አይተፉም» አለው የሺዋስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ከመተንፈሻው የሚወጣው ጭስ በአየር ማስገቢያው ተመልሶ ይገባና ሞተሩ ራሱ ያቃጥለዋል። ሽታ የለ፣ ጭስ የለ።»

የኋላሸት አመስግኖ ወጣ። የሺዋስ ግን አልጨረሰም ነበር። «ያንተዋን እንዳትሞክራት! ትንፋሿ ግማሹ ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ ለናፍታ ሞተር ምግቡ ነው!» እያለ ከበሩ ላይ ቢጣራም፣ ደንበኛው ጎማ ቤት ገብቶ ቱቦ ይመርጥ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የመተንፈሻውን አፍ ከሥር ነቅሎ በአዲስ ጎማ ቱቦ ከአየር ማስገቢያው ጋር ገጠመው፤ በሽቦም አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ሞተሩ ላይ ዘይት ጨመረ። የዘይት መለኪያው ምልክት ጋ ሲደርስ ለክብሩ ብሎ ደገመ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚሄድ ጦሙን አይሄድም።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ተሳፈሩ። ሽታ የለም። መሪጌታ ወለሉን አሸተቱ፤ መቀመጫውን አሸተቱ፤ የአቶ አወቀን ትከሻም አሸተቱ።

«ምን ነካት? ዛሬ አትተነፍስም እንዴ?»

«ትንፋሿን ትውጣለች የኔታ።»

«መልካም ናት። አንተም እዚያ ስንደርስ ከእሷ ተማር፤ እንዳትተነፍስ። እኛ ነን የምንናገረው።»

ዳገቱ ሲጀምር ነገሩ መለወጥ ጀመረ። ወትሮ እዚያ ቦታ ላይ በአንደኛ ማርሽ የምታቃስት መኪና ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ሽቅብ ጋለበች። የጭነት መኪና ቀደመች። የኋላሸት መጀመሪያ ደስ አለው። እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣና መኪናዋ አልሰማሁም ስትለው ግን ላብ ጀመረው።

«ጎበዝ ናት!» አሉ አቶ አወቀ።

«ወጣት ሆነችልህ!» አሉ መሪጌታ።

አቶ እንዳላማውን ግን ኩርባው አዞራቸው። አንድ መታጠፊያ ላይ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው የኋላሸትን ትከሻ መቱት። ፍሬን እንደ ምንም አቆማትና ወረዱ። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ በእግሬ እደርሳለሁ» ብለው የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መኪናዋ ስትነሣ ከኋላዋ የወጣው ጭስ እሳቸውንም ድንጋዩንም ጋረዳቸው።

ቄስ ወልደ ሰንበት ከቅዳሴ ተመልሰው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፒክአፗ ግቢያቸው ገብታ ቆመች። የኋላሸት ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አልጠፋም። ቁልፉን ነቀለው። ሞተሩ ጭራሽ ጮኸ። ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ረግጦ ሊያንቀው ሞከረ፤ ያረጀው ፍሪሲዮን ተንሸራተተና አዲስ ሽታ ተጨመረ እንጂ ምንም አልሆነ። የሚንተከተከው ዘይት በአዲሱ ቱቦ እየተሳበ ይገባለት ጀምሯል፤ ናፍታ አያስፈልገውም፤ ማጥፊያም አይገደውም። የራሱን ሆድ እየበላ ይጮሃል። ዶሮዎች ተበተኑ፤ በረት ያለው ወይፈን ገመዱን በጥሶ ገብስ ማሳ ገባ።

የኋላሸት ያለውን አንድ መላ ያውቃል፤ ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ማስገቢያውን መዝጋት። እየሮጠ ወርዶ ኮፈኑ ላይ እጁን እንደጣለ፣ ቄሱ ብድግ ብለው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ሽማግሌዎቹም በወጉ ከደጁ ፊት ቆመው ነበር።

«እንደምን ዋላችሁ!» አሉ ቄሱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው ጮኹ መሪጌታ።

«ምን?»

«ይመስገን!»

«አረፍ በሉ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!»

ቄሱ በጣታቸው ቆጠሩና ፊታቸው ተኮሳተረ። «ሁለት ናችሁ! ሦስተኛው የት አለ?»

«መንገድ ላይ ቀረ!» አሉ አቶ አወቀ።

«መንገድ ላይ ተቀበረ?»

«ቀረ! ቀረ!»

«ነፍስ ይማር! እንዴት ያለ ጊዜ መጣ!» ቄሱ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጸሎተ ፍትሐት ጀመሩ። መሪጌታ ክንዳቸውን ይዘው፣ አፋቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አቶ እንዳላማው በሕይወት እንዳሉ እስኪያስረዱ ድረስ ግማሹ ተደርሶ ነበር።

«እንዲያ ከሆነ ተመለሱ!» አሉ ቄሱ ጥምጥማቸውን መልሰው። «ሽማግሌ በሥላሴ ስም ሦስት ነው። ሁለት ሆኖ የመጣ አልሰማም!»

መሪጌታ ዞር አሉ። ከነሱ በስተኋላ ጭስ ያጠቆረው፣ ዓይኖቹ ብቻ የሚታዩ ሰው ኮፈን ይታገላል።

«ሦስተኛው ያ ነው!»

«ሹፌሩ?»

«ሹፌርም ሽማግሌም ነው!»

«ልጅ እግር አይደለም እንዴ?»

«መኪናዋ አስረጅታዋለች!»

አቶ አወቀ ሮጠው ከጋቢናው ያንዱን ወንበር ልብስ ገፈው ጋቢ አስመስለው አለበሱት፤ ጎትተውም መሐል አቆሙት። የኋላሸት የመሪጌታን ጆሮ ፈልጎ «የኔታ! ዘይቱን እየበላ ነው! አሁን አየሩን ካልዘጋሁት ሞተሩ ይሞታል!» አላቸው።

መሪጌታም በተራቸው ጆሮውን ፈለጉ። «ሽማግሌ የቆመበትን ጥሎ አይሮጥም። ሞተሩን ነው ልጅቱን የምትፈልገው?»

በበሩ ስንጥቅ የመቅደላዊት ዓይን ይታያል። የኋላሸት ያንን አየ። ከኋላው እንጀራው የሆነች መኪና እየተቃጠለች ትጮሃለች። እጁን አጣምሮ ቆመ።

መሪጌታ ለሦስት ቀን ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ ሰምና ወርቅ ያለው፣ ልጅቱን በወይን፣ አባቷን በአጥር የመሰለ። በሞተሩ ጩኸት ሰሙ ቀለጠ፣ ወርቁም ጠፋ። በመጨረሻ የደረሰው «ልጅዎን ለልጃችን!» የምትለው ብቻ ናት።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ሹፌር!»

ቄሱ በጭስ የተዋጠችውን ፒክአፕ በመቋሚያቸው ጠቆሙ። «እንደዚህ ያለ ሹፌር?»

«ኧረ ይሄ ምኑ ሹፌር ነው! ያኛው ሌላ ነው!» አሉ አቶ አወቀ የእኅታቸውን ልጅ በክርን እየጎሰሙ።

ዘር ቆጠራው ተከተለ። እስከ ሰባት ትውልድ መቆጠር አለበትና አቶ አወቀ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስም በስም ይጮኹ ጀመር፤ ቄሱም እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቅድመ አያት ላይ ሲደርሱ ተሰናከለ።

«ተገኝ!»

«ወገኔ?»

«ተገኝ!»

«የኔም ቅድመ አያት ወገኔ ናቸው! ዘመድ ነን! በቃ፣ አይሆንም!»

በሩ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። መሪጌታ በበትራቸው መሬት ላይ «ተገኝ» ብለው በትልቁ ጻፉ። ጭሱ ሸፈነው። በጋቢያቸው አራገቡት። ቄሱ ጎንበስ ብለው አነበቡና ተገኝ የሚባል ዘመድ እንደሌላቸው አመኑ። የመሪጌታ ነጭ ጋቢ ግን በዚህ መሐል ነጭነቱን ጨርሶ ነበር።

ቄሱ ቀና ሲሉ ሦስተኛውን ሽማግሌ አተኩረው አዩት።

«እነዚህ ሁለቱ የልጁ ወገኖች ናቸው፤ ያሞግሱታል። አንተ በኪራይ የመጣህ ነህ። በእግዚአብሔር ስም እውነቱን ንገረኝ፤ ልጁን ታውቀዋለህ?»

የኋላሸት መሪጌታን አየ። መሪጌታ ሰማይ አዩ።

«አውቀዋለሁ!»

«ይጠጣል?»

«በበዓል!»

«በየደረሰበት ሴት አለችው?»

«የለችውም!»

«አንተ በምን ታውቃለህ?»

«አብሬው ነው የምውል! የማድረውም አብሬው ነው!»

«ጉድለቱስ?»

ይህን የጠየቀው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። የኋላሸት አሰበ። ከኋላው የሞተሩ ድምፅ ወደ ፉጨት ተለውጧል፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ ይሰማዋል።

«ግማሹን ሰምቶ ይሮጣል!» አለ። «ያልገባውን ይነካካል! የሚመክረው ሰው ሳይጨርስ አመስግኖ ይወጣል!»

«ዝም በል!» አሉ አቶ አወቀ።

«ተዉት፣ ይናገር! ሌላስ?»

«ፈሪ ነው! ልጅቱ መጀመሪያ የተሳፈረች ዕለት ስሟን ሊጠይቃት አስቦ፣ ሣጥኑ ምን ይባላል አላት!»

ሽማግሌዎቹን ቄሱ ጥቂት ፈገግ ያሉ መሰላቸው፤ ከጭሱ የተነሣ እርግጠኛ አልነበሩም።

«ይወዳታል?»

የኋላሸት ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ። መልሱን ከሞተሩ አስበልጦ ሊጮኸው ነበር። ልክ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓጎረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተጣብቆም ቆመ። ጸጥ ባለው ግቢ፣ ማዶ ያለው ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «እሷ ያልተሳፈረች ቀን መንገዱ አያልቅልኝም!» የሚል ጩኸት አስተጋባ።

ገብሱ ውስጥ ወይፈኑ ሲያላምጥ ይሰማል።

«አያልቅልኝም?» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው።

«አያልቅ… ለትም። ለእሱ ማለቴ ነው» አለ የኋላሸት። አሁንም እየጮኸ ነበር፤ ማቆም አልቻለም።

ከበሩ ኋላ ሳቅ ተሰማ፤ አፍ ተይዞ የታፈነ፣ ከጣቶች መሐል ያመለጠ ሳቅ። ቄስ ወልደ ሰንበት ወደ በሩ አዩ፤ ከዚያ የወንበር ልብስ የደረበውን ጥቁር ሰው ከራሱ እስከ እግሩ አዩት።

«ሹፌሩ አንተ፣ ሽማግሌው አንተ፣ ሙሽራውም አንተ?»

«አዎ አባታችን።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ይህ አንድም ሦስትም የሆነ…»

«መሪጌታ! እዚያ ውስጥ አይግቡብኝ!»

መሪጌታ ተመለሱ።

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ሙሽራ በራሱ ሽማግሌነት ቆሞ ስለማያውቅ ዛሬ አልመጣችሁም» አሉ። «ያልመጣ ሰው ደግሞ አይመለስም፤ ስለዚህ እምቢ አላልሁም። ግን ብዙ ሽማግሌ ሰምቻለሁ፤ የላከውን ሰው ሲያማ የሰማሁት ይህን አንዱን ነው። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሆናችሁ ኑ፤ ሦስታችሁም የተለያያችሁ ሰዎች ሁኑ።»

ሽማግሌዎቹ በእግር ወረዱ። አቶ እንዳላማውን ድንጋያቸው ላይ አገኟቸው፤ ገና ሊነሡ ነበር።

ፒክአፗ ግን የትም አልሄደችም። ሞተሯ ደርቆ ስለተጣበቀ እዚያው ግቢ መጠገን ነበረባት። የሺዋስ ከደብረ ማርቆስ መሣሪያውን ይዞ መጣ፤ ኮፈኑን ከፈተ፤ አዲሱን ጎማ ቱቦ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየው። ከዚያ ጋቢና ገብቶ የዛገውን ወለል ተመለከተ።

«ሽታው የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነበር?»

«አዎ።»

«አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ መምታት አላሰብህም?»

የሺዋስ መልስ ሳይጠብቅ ቆርቆሮ መቁረጥ ጀመረ።

ጥገናው እስከ ፋሲካ ድረስ ፈጀ። የኋላሸት በመጣ ቁጥር ችግር አለ፤ በአገሩ ወግ አማች ከሚሆን ሰው ጋር የልጅቱ እናት ፊት ለፊት መተያየት የለባቸውም። እናቲቱ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ምሳውን ከፊት ጎማው አጠገብ አስቀምጠው ሳል ይላሉ፤ ቤት ገብተው በር ሲዘጉ እሱ ከመኪናው ሥር ይወጣል። ለወራት የሚያውቁት እግሩን ብቻ ነበር።

በመጋቢት ወር አንድ ቀን ከሰዓት፣ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ሽሮና ዳቦ ይዘው ግቢው መሐል ሲደርሱ ከጮቄ በኩል በረዶ መጣ፤ የዶሮ እንቁላል የሚያህል። ቤቱ ሩቅ፣ መኪናዋ ቅርብ ናት። ምግቡን አቅፈው ተጎንብሰው ከሥሯ ገቡ። የኋላሸት አዲሱን የመተንፈሻ ቱቦ ወደ ድሮ ቦታው፣ አፉን ወደ ውጭ አድርጎ እያሰረ ነበር። ደንግጦ ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። እሳቸውም ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። ጀርባ ለጀርባ ተኙ። በላያቸው ቆርቆሮው ይደበደባል።

ቆይተው፣ «ልጄን ትመታታለህ?» አሉ ለማሳው።

«አልመታትም እማማ» አለ ለጎማው።

«ስትቆጣስ?»

«ስቆጣ ወጥቼ እተነፍሳለሁ።»

ወይዘሮዋ ዳቦውን ሳያዩ ወደ ኋላ ገፉለት።

«እንግዲያ ብላ፤ በረዶው ሲያባራ ቀድሜ እወጣለሁ።»

ያን ማታ ለባላቸው ምን እንዳሏቸው አይታወቅም። ከፋሲካ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች በእግራቸው ሲመጡ ግን፣ መሪጌታ ንግግራቸውን ገና ከወይኑ ሳይጀምሩ ቄስ ወልደ ሰንበት «ተቀመጡ፤ ጉዳያችሁ ተሰምቷል፤ ጠላው እየሞቀ ነው» አሏቸው።